የቆርቆሮ አልቃሿ

መብራት ከስንት ወር በኋላ ተመልሶ የመጣ ቀን፣ የሰቆጣ ሰው ሁሉ ስልኩን ሊሰካ ሲሯሯጥ እኔ የሰካሁት የአባቴን ቴሌቪዥን ነው። ምስል ያሳየኛል ብዬ አይደለም። ጀርባው እንደ ጎባጣ ሽማግሌ የወጣ፣ አንድ እግሩ ተሰብሮ በድንጋይ የተደገፈ አሮጌ ዕቃ ነው፤ በክፉው የጦርነት ጊዜ ቤቱ ሲዘረፍ እንኳ የሚሸከመው ሌባ አጥቶ የቀረ። ግን ሲሞቅ በሆዱ የተጠራቀመው አቧራ ያንን የድሮውን ሽታ ይሰጠኛል፤ ትንሽ የተለበለበ ፀጉር፣ ትንሽ የጋለ ብረት፣ ትንሽ ደግሞ እኛ የሰፈር ልጆች ተደራርበን ከፊቱ ስንቀመጥ ከአናታችን ይነሳ የነበረው የቅቤ ጠረን የሚመስል ነገር። ሽታውን እስክጠግብ ቁጭ ብዬ ቆየሁ።

ስልኬን የሰካሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲከፈትም የአዲስ አበባዋ አርታኢዬ መልእክት ገባ። እኔ እዚሁ ሰቆጣ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ ሦስት መጽሐፍ የሚወጣው የሳይንስ ልብ ወለድ ጽፌያለሁ፤ አንዲት ልጅና እንደ እኛ እንደ ዋግ ሰው የሚናገር ሮቦት ከኮከብ ኮከብ ሲንከራተቱ የሚያሳይ። አርታኢዋ እንዲህ ትላለች፦ «ታሪኩን ወደድነው፤ ሮቦቱ ግን ይውጣ። ሮቦት ሙሾ ሲያወርድ አንባቢ ይስቃል። ደግሞ ዋግና ሮቦት አይገናኙም። በእሱ ፋንታ አንድ መነኩሴ ብናስገባስ? እስከ ሰኞ አሳውቂኝ።» አርታኢዋ ክፉ አይደለችም፤ ለእኔው አስባ ነው። ነገር ግን ዋግና ሮቦት አይገናኙም ያለችኝን መዋጥ አቃተኝ። ዋግና ሮቦት የተገናኙት እሷ ሳትወለድ ነው። ምስክሩ እኔ ነኝ፤ ልቅሶውም ላይ ነበርኩ።

አባቴ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ እናቴን ይዞ የመጣ የግብርና ሠራተኛ ነበር። ለሁለት ዓመት ብሎ መጥቶ ጡረታውን እዚሁ ወጣ። እናቴ የሞተችው እኔ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ልጅ ልቅሶ አይይ ተብሎ ከከተማው ዳር አንዲት ዘመድ ያልሆነች ደግ ሴት ቤት ወሰዱኝና ሦስት ቀን ሙሉ ቆሎ እየቆረጠምኩ ዶሮ ሳባርር ሰነበትኩ። ስመለስ ከበሩ ኋላ ይቀመጥ የነበረው የእናቴ ጫማ የለም፤ ድንኳኑ ተነሥቷል፤ ሰው ሁሉ አልቅሶ ጨርሷል። ማልቀስ የነበረብኝ ጊዜ እኔ በሌለሁበት አልፎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚለቀስ የነገረኝም ሰው የለም። አባቴ ደግሞ ከልጅ ጋር ማውራት የማያውቅበት ሰው ስለነበር፣ ከአርባዋ በኋላ የቤቱ ዝምታ ቢከብደው ይህንን ቴሌቪዥንና ጣሪያችን ላይ ገና ዝናብ ሲያይ የሚዘም ዲሽ ገዛ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተከታታይ ፊልም ነበረ። ርዕሱን እስከ ዛሬ አላውቀውም፤ ፊደሉም ቋንቋውም የሰው አገር ነው። አንዲት ቢጫ ፀጉር ያላት ልጅ በሰማይ መርከብ ትጓዛለች፤ አባቷ በመጀመሪያው ቀን ሲሞት እጇን ይዞ በአንድ ግዙፍ የብረት ሰው መዳፍ ውስጥ አስቀመጠውና አንድ ቃል ተናገረ። ቃሉን ከእኛ ማንም አልሰማውም። ከፊት ተቀምጣ እንዝርቷን የምታሾረው እማማ ስንዱ ግን ቀና ሳትል «አደራ አለው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሮቦቱ ስም አደራ ሆነ።

እማማ ስንዱ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ናት፤ የፃግብጂ ሰው፣ የኪሮስ ልጅ፣ ባሏን ቀብራ ብቻዋን የምትኖር፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ዓይኗ ሰው ላይ ሲያርፍ የሚቆጥር የሚመስል ሴት። በፊልሙ ውስጥ ሌላው ሁሉ በየራሱ ቋንቋ ይንጫጫል፤ አደራ አፉን ሲከፍት ግን እሷ ትናገርለት ነበር። ማንም አላዘዛትም፤ ሰው እየሰማው የማይረዳው ፍጡር ቢያሳዝናት ነው። አደራ በእሷ አፍ የዋግ ሰው ሆነ። ልጅቷ ምግብ አልበላም ስትል «ብይ እንጂ አንቺ፣ ባዶ ሆድ ዳገት አይወጣም» ይላታል። ጠላት ሲመጣ «እናንተ ሰዎች፣ ቤታችሁ ሥራ የላችሁም?» ይላል። አረማመዱ ትከሻውን ወደ አንድ ጎን የጣለ ስለነበር «ይሄማ የእኛ ወገን ነው፣ ድንጋይ ተሸክሞ ዳገት የወጣ ሰው ነው እንዲህ የሚሄደው» ብላ አረጋገጠችልን። ሲናደድ ደግሞ በአገሩ ቋንቋ በኽምጥኛ ይናገር ነበር፤ አማርኛ ለንዴት አይበቃም ነበርና። እኔ ኽምጥኛ ስለማልችል ሲናደድ ምን እንዳለ የምገምተው ከጎኔ ያሉት ልጆች በሳቅ ሲንፈራፈሩ እያየሁ ነው። አባቴ እንኳ፣ ከኋላ ቆሞ ጋዜጣ ያነብ የሚመስለው ሰውዬ፣ ገጽ መግለጥ ይረሳ ነበር።

የእማማ ስንዱ ዋና ሙያ ግን ሌላ ነው። እሷ የሰፈሩ አልቃሽ ነበረች። ለልቅሶ ስትጠራ ገብታ ዝም ብላ አትጮህም፤ መጀመሪያ የሟቹን ቤተሰብ ሦስት ነገር ትጠይቃለች፤ የማን ልጅ ነው? አገሩ የት ነው? ምን ሠራ? ከዚያ በኋላ ነው ቆማ ሙሾ የምታወርደው፤ ስታወርድም ደረቅ ሰው ያለቅሳል። ሰፈራችን ደግሞ የራሱ ደንብ ነበረው። የዋይታ ድምፅ የሰማ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል፤ በሩ ላይ ቆሞ «ማን ሞተ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ከዚያ ቀስ ተብሎ ይጠየቃል። ይህ ደንብ ለብዙ ዘመን ማንንም አሳስቶ አያውቅም ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ አባቴ ለመስክ ሥራ ጋዝጊብላ ሄዶ ሳለ፣ የሰማዩ መርከብ ተቃጠለ። የመጨረሻው በር ከውጭ ካልተዘጋ በቀር እሳቱ አይቆምም። አደራ ልጅቷን ወደ ውስጥ ገፋት፤ እሱ ውጭ ቀረ፤ በሩን ዘጋው። በመስተዋቱ በኩል እጁን አነሣ፤ የደረቱ መብራት ሁለት ጊዜ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ልጅቷ መስተዋቱን በሁለት እጇ ትደበድባለች። እኔ ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም፤ ከሆዴ የወጣ ጩኸት ጮህኩ። ጩኸት ብቻ አይደለም፤ «እማዬ» ነው ያልኩት።

እማማ ስንዱ እንዝርቷን አስቀመጠች። አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ከመደቡ ተነሣችና ቤቱ መሐል ቆማ አወረደች፦

«እናት አባት የለው፣ አገሩም ሩቅ ነው፣
የማን ነው ላላችሁ፣ የኔ ነው የምለው።»

ልጆቹ ተቀበሏት። እኔም ተቀበልኳት፤ በሁለት ዓመት ያልወጣልኝ ሁሉ በዚያ ከሰዓት ወጣ። ድምፃችን በግድግዳው አልፎ መንገድ ወጣ፤ ከዚያ ደንቡ ሥራውን ሠራ። መጀመሪያ ጠላ የምትጠምቀው ጎረቤታችን እጇ ጌሾ እንደነካ እየጮኸች ገባች። ተከትለው ሴቶቹ። ወንዶቹ ደጅ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ። የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ሲሳይ፣ ጢሙ ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ የሚመስል ሰው፣ ድንኳኑን ከዕድሩ ቤት አስመጣና ካስማ ያስመታ ጀመር። ከታች ሰፈር ንፍሮ በሰፌድ መጣ። ማን እንደሞተ የጠየቀ አንድም ሰው የለም፤ ሁሉም ሌላው ያውቃል ብሎ ነው የሚያለቅሰው። ቴሌቪዥኑን አንዱ ጨዋ ሰው አጥፍቶ ጨርቅ አልብሶታል፤ ልቅሶ ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትምና።

አባቴ ከመኪና ወርዶ ወደ ሰፈሩ ሲታጠፍ ያየው በገዛ በሩ ላይ የሚተከል ድንኳን ነው። የሰማው ደግሞ ያንን ሙሾ ነው፤ ያው ግጥም፣ ያው ዜማ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ለሚስቱ የወረደው፤ «እናት አባት የላት፣ አገሯም ሩቅ ነው» የተባለው። ቤቱ ውስጥ ከእኔ ሌላ የቀረው ሰው አልነበረም። ሮጦ ጋሽ ሲሳይን ሲይዘው፣ ጋሽ ሲሳይ አባቴ የሚያውቅ መስሎት አቀፈውና «ቻለው፤ ወንድ ልጅ ነህ፣ ቻለው» አለው። አባቴ መንገዱ ላይ ተቀመጠ። ቦርሳው ተከፍቶ የአፈር ናሙና የያዙ ትናንሽ ከረጢቶች ተበታተኑ። እኔ ሰው ሲገፋፋ ብቅ ብዬ «አባዬ» ባልኩት ጊዜ ያየኝን አስተያየት ዛሬም አልረሳውም። ጎድኔ እስኪያመኝ አቀፈኝ። ከዚያ «ማን ነው የሞተው?» አለ፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የመጀመሪያው ጠያቂ እሱ ነበር። አንድ ልጅ በደንብ አልቅሶ በተዘጋ አፍንጫው መለሰለት፦ «አደራ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዕድሩ ተሰበሰበ። ከሳሹ አባቴ ነው። ቁጣው እውነተኛ ነበር፤ አሁን ሳስበው ለጥቂት ደቂቃ በልቡ እኔን ቀብሮኝ ነበር። ሌላውም ተቆጥቶ ነበር፤ በሕያው ቤት ላይ ድንኳን መትከል ሟርት ነው። አባቴ «የሚስቴን ሙሾ ለቆርቆሮ! ሚስቴን ከቆርቆሮ ጋር ነው የመዘኗት?» አለ።

እማማ ስንዱ ቆመች። «እኔ ሚዛን የለኝም» አለች። «ስትጠሩኝ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ለዚህኛው አባት አጣሁለት። አገር አጣሁለት። የሠራውን ግን በዓይኔ አየሁ፤ አደራውን አልበላም። ከእናንተ መሐል አደራ በልቶ የማያውቅ ካለ ይነሣና ይክሰሰኝ።»

ማንም አልተነሣም። ግን ሰው ስላፈረ አይምርም፤ እንዲያውም ይብሳል። ጋሽ ሲሳይ ጢሙን ይዞ «ልቅሶውን ማን ጀመረው?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ከአባቴ ጉልበት ሥር ተቀምጬ ነበር። የእማማ ስንዱ ዓይን በእኔ ላይ አለፈ፤ አልቆመም። «እኔ» አለች። እኔ ዝም አልኩ። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ አባቴን ፈርቼ ነው፤ ሰበቡ ይህ ነው፤ ሰበብ ከሆነ። ዕድሩ በማንም ልቅሶ ላይ ሙሾ እንዳታወርድ ከለከላት። ለቆርቆሮ ያለቀሰ አፍ ለሰው አያለቅስም ተባለ።

የዚያ ዓመት ልቅሶዎች ደረቅ ነበሩ። የሞተው ሁሉ ያለ አባት ስም፣ ያለ አገር፣ ያለ ሥራ ተቀበረ፤ ሰው «ወይኔ ወይኔ» ይልና ንፍሮውን በልቶ ይሄዳል። እማማ ስንዱ ልቅሶ ትደርስ ነበር፤ ከዳር ተቀምጣ፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና። ልጆች በመንገድ «የቆርቆሮ አልቃሽ!» እያሉ ይሮጡባት ነበር። ወደ እኛ ቤት መምጣት አቆመች። ቴሌቪዥኑም አንድ ወቅት ሙሉ በጨርቁ ተሸፍኖ ሰነበተ፤ በግድግዳው ማዶ እንዝርቷ ሲሾር ይሰማኝ ነበር፤ ወይም የሚሰማኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አባቴ ራሱ ጨርቁን አነሣው። ፊልሙ አዲስ ክፍል ጀምሯል፤ አደራም ተነሥቷል! አዲስ ገላ ሠርተውለታል፤ ያብለጨልጫል፤ ትከሻውም ቀና ብሏል። ግን ልጅቷን አያውቃትም። ስትጠራው ያያታል፣ አንድ ነገር ይላል፤ ምን እንዳለ ግን ከእኛ የሚያውቅ የለም። የሚናገርለት ሰው አልነበረውም። ተራ ብረት ሆኖ አየሁት። ያን ጊዜ ለአባቴ ነገርኩት። መጀመሪያ የጮህኩት እኔ እንደሆንኩ፤ የጮህኩትም ለአደራ ሳይሆን ለእናቴ እንደሆነ፤ እማማ ስንዱ ይህን አይታ እንደተነሣች፤ የእናቴንም ሙሾ የሰማሁት የዚያን ቀን ብቻ መሆኑን። አባቴ ቴሌቪዥኑን ሳያጠፋ ወጣ።

ተከተልኩት። የእማማ ስንዱ በር ላይ ቆሞ «እማማ ስንዱ፣ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» ሲል ሰማሁ። እሷ ከደፉ ላይ እንደተቀመጠች ነው። «አጥፍተሃል» አለችው። «ይቅርታህን እዚህ ጓዳዬ በር ላይ አታምጣው። ልቅሶዬን ያስቀማኸኝ ሸንጎ ፊት ነው፤ እዚያው ሄደህ መልስልኝ።» የሚቀጥለው እሑድ በዕድሩ ፊት ጥፋቱን ተናግሮ መለሰላት፤ ክልከላውም ተነሣ። አባቴ በሕይወቱ ከሰው ፊት ቆሞ ሲያለቅስ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

በቀጣዩ ቅዳሜ የዕድሩ ግማሽ ሰው ሰበብ ፈጥሮ ቤታችን ተገኘ። ጋሽ ሲሳይ ከቤቱ በርጩማ ይዞ መጣ። ልጅቷ ባዲሱ አደራ ፊት ቆማ ስሙን ጠራችው፤ እሱ ዝም ብሎ ያያታል፤ ሁላችንም የእማማ ስንዱን አፍ እያየን ነው። ከዚያ በዝግታ «ስምሽን አላውቀውም» አለ አደራ በእሷ ድምፅ፤ «ግን ከዚህ በፊት ተሸክሜሽ አውቃለሁ።» ጋሽ ሲሳይ ተነሥቶ ወደ ደጅ ወጣ፤ ጭስ ዓይኔ ገባ አለ። በቤቱ ውስጥ እሳት አልነደደም ነበር።

ከዚያ በኋላ ስድቡን ራሷ ለበሰችው። ልቅሶ ቤት ስትገባ «የቆርቆሮ አልቃሿ መጥታለች፣ መንገድ ልቀቁ» ትል ነበር፤ ይለቁላትም ነበር። ብዙ ዓመት አለቀሰችልን። ጋሽ ሲሳይን እሷ ሸኘች። አባቴንም እሷ ሸኘች፤ አገሩ የት ነው ብላ ሳትጠይቅ «ደብረ ማርቆስ ወልዳው ሰቆጣ ያሳደገችው» አለችው፤ ጎልማሳ ሆኖ እንደመጣ ረስታ ሳይሆን፣ ማን እንዳሳደገው ስለምታውቅ።

ክፉው ጊዜ ሲመጣ እኔ ባሕር ዳር ነበርኩ። ከተማው ሲበተን ያረጀ እግሯን እየጎተተች ከሰው ጋር ወጣች፤ ወደ ኒሯቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ሞተች። የቀበሯት ስሟን የማያውቁ መንገደኞች ናቸው። ድምፅ ማሰማት የሚያስፈራበት ሰዓት ነበርና ማንም አላለቀሰም። የማን ልጅ እንደሆነች፣ አገሯ የት እንደሆነ፣ ምን እንደሠራች የጠየቀ የለም። የሰው ሁሉ ሙሾ በአፏ ያለፈ ሴት ያለ ሙሾ አፈር ገባች። አደራ ሲናደድ የሚናገረውን ኽምጥኛም አንድ ቃል እንኳ ጽፌ አላስቀመጥኩም፤ አብሯት ሄደ። ዲሹ ዘሟል፤ ልጆቹ ተበትነዋል፤ ቴሌቪዥኑ ይሸታል እንጂ አያሳይም።

በእኔ መጽሐፍ ግን አንድ ሮቦት አለ፤ ትከሻውን ወደ አንድ ጎን ጥሎ የሚሄድ። በሦስተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ስም የሌለው የመንገድ ዳር መቃብር ጋ ይደርስና ይቆማል። አርታኢዬ ይውጣ የምትለኝ እሱን ነው፤ አንባቢ ይስቃል የምትለኝም ይህንን ቦታ ነው። ይሳቅ። በእማማ ስንዱም ስቀውባት ነበር። መነኩሴዎችን አከብራለሁ፤ የእኛን ቤት ልቅሶ ግን መነኩሴ አልጀመረውም። እኔ አንድ ጊዜ መናገር ሲገባኝ ዝም ብያለሁ፤ ሁለተኛ አልደግመውም።

ሰኞን አልጠበቅሁም። መብራቱ ሳይሄድብኝ፣ አቧራው እየሸተተኝ፣ «ሮቦቱ አይወጣም፤ ባታትሙትም አይወጣም» ብዬ ላክሁላት። የመጨረሻውንም ገጽ አያያዝኩላት፤ ሮቦቱ መቃብሩ ላይ ቆሞ ሦስቱን ነገር የሚጠይቅበትን፣ ልጅቷም ከጎኑ ሆና የምትመልስበትን።

«የማን ልጅ ናት?»

«የኪሮስ።»

«አገሯ የት ነው?»

«ፃግብጂ።»

«ምን ሠራች?»

«ለእናቷ ያላለቀሰች አንዲት ልጅ ነበረች። አስለቀሰቻት፤ ማን ጀመረው ሲሏትም፣ እኔ አለች።»